ሮዝ ስንት አንግስትሮም ነው?

ሰው ብዙውን ጊዜ መከራ ውስጥ የሚገባው በትልቅ ነገር ነው። በቤት፣ በመሬት፣ በሹመት፣ በትዳር። እኔ ግን ዕድሌ ሆኖ መከራ ውስጥ የገባሁት እዚህ ዓለም ላይ አሉ ከሚባሉ ነገሮች ሁሉ በምታንስ ነገር ነው። አንግስትሮም ትባላለች። ስሟ እንግዳ ነው ብላችሁ አትሽሹ፤ እኔም ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። የርዝመት መለኪያ ናት። ከራሳችሁ ላይ አንዲት ፀጉር ንቀሉና ውፍረቷን ወደ አንድ ሚሊዮን ቦታ ሰንጥቁት። እንደኔ ራሰ በራ የሆናችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። ከስንጣሪዎቹ አንዷን አንሱ። አነሳችሁ? እሷ ናት። ብርሃን በሞገድ ነው የሚጓዘው፤ የሞገዱ ርዝመት የሚለካው ደግሞ በእሷ ነው። ሰማያዊ የራሱ ቁጥር አለው፣ ቢጫ የራሱ ቁጥር አለው፣ ቀይም እንደዚሁ። የጉዴ ሁሉ መነሻ ይህ የቀይ ቁጥር ነው።

ያኔ በደርግ ጊዜ ሀዋሳ ውስጥ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። በአፋችን አዋሳ ነበር የምንላት። ከሸዋ ተመድቤ ስመጣ ሐይቅ ዳር ቤት እከራያለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ያገኘሁት ግን መናኸሪያው ጀርባ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የሐይቅ ወፍ ሳይሆን «ዲላ! ዲላ! አንድ ሰው!» እያለ የሚጮህ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ቢሆንም አከራዮቼን በሐይቁ አልለውጣቸውም ነበር።

ጋሼ ባራሳ ቀለም ቀቢ ናቸው፤ የሱቅ ሰሌዳም ይጽፋሉ። በሰፈራችን የሻይ ቤቱም፣ የፀጉር ቤቱም፣ የጋሪውም ጽሑፍ የእሳቸው እጅ ነው። አፍ የፈቱት በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ ደግሞ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉት እያንዳንዷን ቃል ለብቻዋ እያደረቁ ነው። ውሸት የሚባል ነገር አይሆንላቸውም። አንድ ዳቦ ቤት «ትኩስ ዳቦ» ብለው እንዲጽፉለት ለምኗቸው፣ ዳቦውን በጣታቸው ጫን አድርገው አዩና «ዳቦ» ብቻ ጽፈውለት መጡ።

የጸሎት ቤታቸው በዚያን ጊዜ ታሽጎ ነበር። ጋሼ ባራሳ የምዕመናኑ ሽማግሌ ስለነበሩ አንድ ጊዜ ተወስደው ከርመው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ጥቅል አሰናድተው በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅለዋል፤ ብርድ ልብስ፣ ሹራብና አንድ ያልተነካ ሳሙና። ሳሙና ያኔ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። የቀበሌው ሱቅ «መጥቷል» ሲባል ሄደን ስንሰለፍ «አልቋል» የምንባልበት ጊዜ ነው። ግቢው በሙሉ በእንዶድ ነበር የሚያጥበው። አንድ ቀን የሸሚዝ አንገትጌዬ አልለቅ ቢለኝ ጥቅሉን በዓይኔ ጠቆም አድርጌ፣ «እትዬ፣ ከዚያች ሳሙና ትንሽ ቢቆርሱልኝ?» አልኳቸው።

«እሱ የመንገድ ነው» አሉኝ። የትኛው መንገድ እንደሆነ ስለገባኝ ድጋሚ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ወደ አንግስትሮሜ ልመለስ። ቀበሌያችን የውይይት ክበብ ነበረው። የተማረ የተባለ ነዋሪ ሁሉ ተራው ሲደርስ ገለጻ ያደርጋል። የኔ ተራ ሲደርስ እንቅልፍ አጣሁ። ስለ ታሪክ ብናገር አንድ ነገር ያመልጠኛል፤ ስለ ኢኮኖሚ ብናገር ሁለት ያመልጠኛል። ከሰማይ በታች ማንንም ሊያስቀይም የማይችል ርእስ ፈለግሁ። እጅግ ትንሽ መሆን አለበት፣ ማንም የማያውቀውም መሆን አለበት። በመጨረሻ «አንግስትሮምና ብርሃን» አልኩ። በብልጠቴ ተደንቄ ለራሴ በመስታወት እጅ ነሳሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው በሙያው ልብስ ሰፊ ነበር። አብዮቱ ሊቀመንበር ቢያደርገውም ሜትሯን ከአንገቱ አላወረደም። ስብሰባ ሲመራ ጫፏን በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፤ ሰው ሲያናግር ዓይኑ ከትከሻ ወደ ወገብ ይወርዳል። ክፉ ሰው አልነበረም። የሰፋልኝ ሱሪ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደርሶ አያውቅም እንጂ ሌላ ቅሬታ የለኝም። መለኪያ የሚባል ነገር ሲነሳ ግን ልቡ ይሸፍታል። ገለጻዬን እስክጨርስ እንኳ አላስቻለውም።

«ጓድ መምህር፣ ቀይ ስንት ነው?»

«ከስድስት ሺህ ሁለት መቶ አንግስትሮም ጀምሮ ሰባት ሺህ ምናምን ይደርሳል።»

«አረንጓዴስ?»

«አምስት ሺህ ምናምን።»

«ሐምራዊ?»

«አራት ሺህ ቢሆን ነው።»

ሜትሯን ለቀቃት። «ማለት… ቀይ ከሁሉም ይረዝማል?»

«ከሚታዩት ሁሉ ረጅሙ የቀይ ሞገድ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዱ ከመሀል ተነስቶ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ «ቀይ ከሁሉም ይረዝማል!» አለ፤ ሕዝቡም ተቀበለው። በሕይወቴ ለፊዚክስ ትምህርት ሲጨበጨብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያኔ ቁጭ ብል ምን ነበረበት? የአስተማሪ በሽታ ግን ይዞኛል፤ ነገር በእንጥልጥል ስተው ያሳክከኛል።

«እርግጥ ከቀይም የሚረዝም አለ» አልኩ፤ «ግን አይታይም።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

«አይታይም?» አለ ጓድ ሽፈራው።

«አይታይም።»

«ተደብቆ ነው?»

ከኋላ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንስቶ ቆመ። «የት ነው ያለው?» አለ።

«ሙቀት ነው!» ብዬ ጮኽሁ፤ ላብ አጥምቆኛል። «ሙቀት ብቻ ነው፣ ጓዶች!» መቼም ላቤን ያየ ሰው ማስረጃ አላጣም፤ አብዮት ጠባቂውም አመነኝ መሰለኝ ተቀመጠ። በዚሁ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጳጉሜ ገባች። የአብዮት በዓል መስከረም ሁለት ስለሆነ ቀበሌ ሁሉ መግቢያው ላይ የእንጨት ቅስት ያቆማል፤ ቅስቱንም ቀይ ይቀባል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ነው የሚቀባው። ስለዚህ በጳጉሜ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቅ ዳር ብትዞሩ ሱቅ ውስጥ ቀይ ቀለም የሚባል አይገኝም። ጋሼ ባራሳ ለምነው ለምነው ያገኙት የቅስቱን አንድ እግር እንኳ የሚያዳርስ አልነበረም። ጓድ ሽፈራው ደግሞ «ዛሬውኑ ይለቅ» ብሏል። ስለዚህ ማንኛውም ቀለም ቀቢ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ነጭ ቀለም ከፈቱና ቀዩን አበረከቱት። ሠርተው የጨረሱት ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ አዋሳ ውስጥ ቀይ ያልሆነ ነገር የለም። የጋሪው ፈረስ ቀይ ነው፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ጣሪያ ቀይ ነው፣ ጓድ ሽፈራው ራሱ ቀይ ነው። ቅስቱን አየና የጋሼን እጅ ጨብጦ ሄደ።

ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ የነቃ ሰው ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። ቅስቱ ሮዝ ነበር። ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ሲስቅ ድዱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እሱን። አናቱ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ ወፎች እንደ ሚዜ ቆመዋል። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ይደነቃሉ። አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን አቁሞ «የማን ሰርግ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ልናገርና ያምር ነበር። እንደዚያ የሚያምር ቅስት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ጓድ ሽፈራው ሲያየው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ይባስ ብሎ ያ አብዮት ጠባቂ፣ ያ የማይታየውን ሲፈልግ የነበረው፣ «ሰውየው ነጭ ሲጨምርበት በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ወጣት አንባቢዎች ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ቀይ የአብዮቱ ስም ነበር፣ ነጭ የጠላት ስም ነበር። በቀይ ላይ ነጭ ጨመረ የተባለ ሰው፣ ያውም ጸሎት ቤቱ የታሸገበት ሰው፣ አንዴ ከተወሰደ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ላይ ከክፍለ ሀገር የመጡ አንድ ጓድ ቅስቶቹን እየዞሩ ሊያዩ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳሉ ተብሏል።

ጓድ ሽፈራው ሰው ላከብኝ። መልእክቱ «ያቺን አንግስትሮምህን ይዘህ ቶሎ ና!» ይላል። አንግስትሮም ተይዛ የምትመጣ ነገር አይደለችም ብዬ ለማን ላስረዳ?

ልወጣ ስል ጋሼ ባራሳን በረንዳው ላይ አየኋቸው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ማርታ አጠገባቸው ቆመው ጥቅሉን ከውጭ ይዳብሳሉ፤ ሳሙናው መኖሩን እያረጋገጡ ነው።

«መምህር» አሉኝ ጋሼ፣ «የሻይ ቤቱን ሰሌዳ ጀምሬአለሁ። ‹ሻ›ን ጽፌ ‹ይ› ቀርቶኛል። ባለቤቱ እንዳይቀየመኝ ንገርልኝ።»

«ራስዎ ይጨርሱታል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ያኔ ነው ነገሩ ሆዴ ውስጥ የገባው። ሰውየው ዓሣ ገዝተው ሲመጡ ትልቁን ለኔ የሚያወጡ ሰው ናቸው። ወባ ሲይዘኝ ራሴ ሥር የተቀመጡ ሰው ናቸው። በቀለም ሰበብ ሊወሰዱብኝ ነው።

ወደ ትምህርት ቤት ሮጥሁ። ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር ዘበኛውን ለምኜ ቤተ ሙከራው ውስጥ ስፈልግ ያገኘሁት ጥጓ የተሸረፈ አንዲት ፕሪዝም ብቻ ነው። ፕሪዝም ባለ ሦስት ጎን ብርጭቆ ናት፤ የፀሐይ ብርሃን በአንድ ወገን ሲገባባት በሌላው ቀስተ ደመና ታወጣለች። በአጭር ሱሪዬ በከተማው መሀል እሷን አቅፌ ስሮጥ የሚያውቁኝ ተማሪዎች ዞር እያሉ ይስቁ ነበር።

ቅስቱ ጋ ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ጋሼ ባራሳ ከነጥቅላቸው ቆመዋል። እንግዳው ጓድ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቅስት ነው፣ ጓድ» አለ ጓድ ሽፈራው።

«ቀለሙን ነው ያልኩህ።»

«ቀለሙን… ቀለሙን ባለሙያው በሳይንስ ያስረዳል» አለና ነገሩን ወደኔ ገፋው።

«ቀይ ነው» አልኩ።

«ቀይ?»

«በአንግስትሮም ሲለካ፣ ጓድ።»

ጓድ ሽፈራው ፕሪዝሟን አያት። እንዳልጣመችው ያስታውቃል። «ሜትሯስ?» አለኝ በሹክሹክታ። ሜትር የላትም ስለው የራሱን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ። እትዬ ማርታ ነጠላቸውን አወረዱልኝና ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ወዲህና ወዲያ ወጥረው ያዙ። ፕሪዝሟን ወደ ፀሐይ ሳነሳ ደመና መጣ። ሕዝቡ አንጋጠጠ። እንግዳውም አንጋጠጡ። አዋሳ በዚያን ጊዜ ከነበራት ባለሥልጣን የሚበዛው አንገቱን ወደ ላይ ቀልሶ ደመና ሲለማመጥ ላየ ሰው ያስቅ ነበር፤ እኔ ግን አላሳቀኝም።

ደመናው አለፈ። ነጠላው ላይ ቀስተ ደመና ተነጠፈ፤ ሕዝቡ «ውይ!» አለ። ሜትሯን ከዳር እስከ ዳር ዘረጋሁበት። ጓድ ሽፈራው ከልማድ ብዛት ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ጫፍና ጫፉን ነጠላው ላይ ሊያሰምር ሲል እትዬ ማርታ «ማጋኖ! ነጠላዬን!» አሉ። በሲዳምኛ ፈጣሪን መጥራታቸው ነው።

«እንግዲህ ጓድ» አልኩ፤ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም፤ «እዚህ ውስጥ ሮዝን ያሳዩኝ።»

እንግዳው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «ቀይ… ብርቱካን… ቢጫ… አረንጓዴ… ሰማያዊ… ሐምራዊ…» ተመልሰው ከሐምራዊ ጀመሩ። ጋሪ ነጂው «በቀይ በኩል ይፈልጉ!» አለ፤ አንዲት ሴትዮ «ኧረ በታች በኩል!» አለች። ሮዝ አልተገኘም።

«የለም» አልኩ። «ቀይ ቁጥር አለው። ቢጫም አለው። ሮዝ ግን አንግስትሮም የለውም፤ ስለሌለ ነው። የሌለውን ነገር ጋሼ ባራሳ ከየት አምጥተው ይቀባሉ?»

እንግዳው ፈገግ ለማለት የከጀላቸው መሰለኝ። ወዲያው ነጠላውን ከያዙት አንዱ፣ ያው አብዮት ጠባቂ፣ «ነጭ ሲጨምርበት አይቻለሁ!» አለ። ፈገግታው ጠፋ።

«አንተ» አሉ እንግዳው ወደ ጋሼ ዞረው፣ «ነጭ ጨምረሃል?»

ጋሼን በዓይኔ ለመንኳቸው። አንዲት «አልጨመርኩም» ትበቃ ነበር። ግን ለማን ነው የምነግረው? ትኩስ ያልሆነውን ዳቦ ትኩስ ነው ላላሉ ሰው!

«አዎ፣ ጨምሬአለሁ» አሉ ቃል በቃል እያደረቁ። «ቀዩ አልበቃ አለኝ።» ይህን ብለው ጥቅሉን ብብታቸው ሥር አስገቡ።

እትዬ ማርታ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ነጭም… ነጭም የለም» አልኩ።

«እሱም የለም?» አሉ እንግዳው። «ዛሬ ምን የቀረ ቀለም አለ?»

«ለብቻው የለም ማለቴ ነው። ይሄ ሁሉ ቀለም የወጣው ከነጭ የፀሐይ ብርሃን ነው። ባለ አራት ሺውም፣ ባለ አምስት ሺውም፣ ባለ ሰባት ሺውም፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲሰባሰቡ ነጭ ይሆናሉ። ጋሼ የጨመሩት እንግዲህ… ሁሉንም ነው።» ከዚህ ወዲያ የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ፊዚክሴ አለቀብኝ።

ድንገት ጓድ ሽፈራው፣ ያ ፊቱ አመድ መስሎ የቆመው ልብስ ሰፊ፣ ዘሎ መሀል ገባ።

«ሰፊው ሕዝብ!» ብሎ ጮኸ። «ሰፊውን ሕዝብ ነው የጨመሩበት፣ ጓድ! ሁሉም ተሰባስቦ! ከፊት ደግሞ ቀይ! ቀይ ሰፊውን ሕዝብ እየመራ!»

እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ቅስቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አጨበጨቡ። እሳቸው ካጨበጨቡ የማያጨበጭብ ማን አለ? ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም ሳጨበጭብ ፕሪዝሟ ወድቃ ሌላ ጥጓ ተሸረፈ። ጓድ ሽፈራው እያጨበጨበ አጠገቤ መጣና «እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ እንዳያዩኝ ከፊቴ ቁም» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ሱሪዬ አንድም ቀን ክፉ ተናግሬ አላውቅም።

«ስንት አንግስትሮም ነው ያልከው?» አሉኝ እንግዳው ሊሄዱ ሲሉ።

የቅስቱን ቁጥር ገና አልጠራሁም ነበር። «ስድስት ሺህ አምስት መቶ» አልኩ።

«ሌሎቹም ቀበሌዎች በዚሁ ልክ ይቀቡ» ብለው ሄዱ። በዚያ መስከረም አዋሳ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቅ ዳር ሮዝ ሆነች። ሥራው ሁሉ ለጋሼ ባራሳ ሆነ፤ እሳቸው ደግሞ ነጩን ያበረከቱት በዓይናቸው ስለነበር ልኩን አያስታውሱትም። አንዱ ቅስት ሐብሐብ መሰለ፣ አንዱ ምላስ መሰለ፣ አንዱ የተቀባ ከንፈር መሰለ። እኔ በየቅስቱ እየተጠራሁ ፕሪዝሜን ለይስሙላ አነሳና «ስድስት ሺህ አምስት መቶ» እላለሁ። ከተማዋ እንደዚያ ዓመት አምራ አታውቅም ያሉኝ ሰዎች አሁንም አሉ።

ግን ወደዚያው ቀን ልመለስ። ግቢ ስንገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እትዬ ማርታ ጥቅሉን ከጋሼ ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ወደ ሚስማሩ ሄዱና ሊሰቅሉት ሲሉ ቆሙ። የባላቸውን እጅ አዩት። እስከ ክርናቸው ሮዝ ነው። መልሰው ቁጭ አሉና ቋጠሮውን ፈቱ፤ ሳሙናውን አውጥተው «ና ታጠብ» አሏቸው።

«የመንገድ ነው ብለሽ የለም?» አሉ ጋሼ።

«ከመንገድ ተመልሰህ የለም?» አሉ እትዬ ማርታ።

ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነበርኩ። ጋሼ እጃቸውን ሲያሹ አረፋው ተነሳ፤ ከመሀሉ አንዲት ትልቅ አረፋ ተነፍታ አውራ ጣታቸው ላይ ቀረች። የሳሙና አረፋ ቆዳው እጅግ ስስ ነው፤ ውፍረቱን ለመናገር አንግስትሮም ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው ፀሐይ ሲመታው ቀለም የሚያወጣው። ጎንበስ ብዬ አየኋት። አረንጓዴ አላት፣ ቢጫ አላት፤ ከሥር በኩል ደግሞ ጥርት ያለ፣ የማያሻማ ሮዝ አላት።

ጋሼ ባራሳም አዩት። እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው ዞረው የግቢውን በር አዩ፤ ሰው የለም። ከዚያ ጎንበስ ብለው አረፋዋን እፍ አሏት።

«ምን ነበር?» አሉ እትዬ ማርታ።

«ምንም» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

ሳሙናው ወደ ጥቅሉ አልተመለሰም። ቧንቧው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪያልቅ ድረስም የግቢው ሰው ሁሉ ታጠበበት።